የአባቴ ኢንሱሊን ገንቦ ውስጥ ነው፤ ልጣለው?

ጥያቄውን በይነ መረብ ላይ የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነበር። ዓርብ ተመልሼ ስከፍተው መልሱ ሠላሳ አልፏል፤ አሁን 43 ደርሷል። ግማሹ ጠቃሚ ነው። ሩቡ ስድብ ነው። የቀረው ስለ ሽፈራው ቅጠል ነው። ክሩ፣ ማለት ከጥያቄዬ ሥር የተደረደረው መልስ፣ ስለረዘመ ጨመቅ አድርገህ ንገረን ያላችሁኝ አላችሁ። እነሆ፣ ከነቁጥሩ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ በራሴ አነጋገር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። አባቴ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ያለ ቀበሌ ውስጥ ይኖራል። ዕድሜው 61 ነው። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጠዋትና ማታ ደፍራሹን ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚሉትን፣ ይወጋል። ቤቱ መብራት አልገባም። ፍሪጅ የሚባል ነገር የለም። ብልቃጡን የሚያኖረው እናቴ ድሮ ውኃ ትቀዳበት በነበረ ገንቦ ውስጥ ነው። ገንቦውን እርጥብ አሸዋ ላይ ያስቀምጠዋል። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይከድነዋል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ፤ ማንንም አላማከረም።

ባለፈው ጥቅምት ልጠይቀው ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት አዲስ አበባ ለራሴ ጉዳይ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ነበር። በዚያው የአባቴን ገንቦ ሳነሳ፣ ባለሙያው ከፍሪጅ ውጭ ያደረ ኢንሱሊን መርዝ እንደሆነና መጣል እንዳለበት ነገረኝ። እኔም ታዛዥ ነኝ። እንደደረስኩ ሁለቱን ብልቃጥ ሽንት ቤት ጨመርኳቸው። አንዱ ጭራሽ አልተከፈተም ነበር። ቀኑ ዓርብ ነው። አዲስ ልንወስድ ስንሄድ መድኃኒቱ አልቋል፣ ሰኞ ኑ ተባልን። ቅዳሜ አለፈ። እሑድ አለፈ። ሰኞ ጠዋት አባቴን ያስመልሰው ጀመር። ሆዱን ይዞ ያቃስታል። ትንፋሹ ይፈጥናል፤ አፉ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ሆስፒታል ስናደርሰው ኬቶን፣ ኢንሱሊን ሲጠፋ ደም ውስጥ የሚጠራቀመው አሲድ፣ ተገኘበት። አራት ሌሊት ተኛ።

አሁን ተሽሎታል። ወደ ገንቦውም ተመልሷል። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፦ ገንቦ ውስጥ የሚያድረው ኢንሱሊን ይሠራል ወይስ እንደገና ልጣለው?

መልስ 1 በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጣ። ሰውየው ትሑት ነው። ለአባቴ ምሕረት ከተመኘ በኋላ እንድጥለው መከረኝ። ካርቶኑ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም ባይ ነው። ያው ክሊኒክ የሰማሁትን ደገመልኝ።

መልስ 2 አዳማ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ ከሚል ሰው ነው። መልስ 1ን በጨዋ ደንብ አረመው። ከ2 እስከ 8 የሚለው ያልተከፈተውን ነው። በየቀኑ የሚቀዳበትን ብልቃጥ ግን አምራቾቹ ራሳቸው አራት ሳምንት ገደማ ከፍሪጅ ውጭ እንዲቆይ ይፈቅዳሉ። ሙቀቱ ከ25፣ አንዳንዱ ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ ብቻ ይላሉ። ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ታጣፊ ወረቀት እንዳነብ አዘዘኝ። አነበብኳት። ፊደሏ የጉንዳን እግር ታክላለች፤ ግን ልክ ነው፣ ተጽፏል። ሁለቱን ብልቃጥ ስጥል ያቺ ወረቀት እጄ ላይ ነበረች።

መልስ 3 የድሬዳዋ እናት ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ፍሪጅ አላቸው፤ መብራት ግን በየጊዜው ይጠፋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ብልቃጡን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ሁለት ዓመት እንደቆየች ጻፈች። አንድ ሌሊት ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄዳ እንግዳ መቀበያው ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩልኝ ብላ ለምናለች። አሳደሩላት። ጠዋት ስትመጣ ብልቃጡ ከቢራ ጋር ተደርድሮ አገኘችው።

መልስ 4 አጭርና መራራ ነው። ወረቀቱ የክፍል ሙቀት ሲል የማንን ክፍል ማለቱ እንደሆነ ጠየቀ። ኮፐንሃገን ያለ ክፍልና ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ሥር ያለ ክፍል አንድ አይደለም። ሳቅኩ። ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ክሩ ቁም ነገር የያዘው ከዚህ በኋላ ነው።

መልስ 5ን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈችው በስደተኞች ጤና ላይ የሠራች ሴት ናት። ኬንያ ውስጥ፣ ወደ ሶማሊያ ድንበር፣ ዳዳብ የሚባለው የስደተኞች መጠለያ አለ። ከዚያ አንዱ ካምፕ ዳጋሃሌይ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እዚያ ሆስፒታል አላቸው። ኢንሱሊን የሚወስደው ሰው ቤቱ ፍሪጅ ስለሌለው ለመወጋት በየቀኑ ሆስፒታል ይመላለስ ነበር። አስቡት፤ ለአንዲት መርፌ በዚያ ፀሐይ ሄዶ መመለስ፣ ነገም እንደገና፣ ዕድሜ ልክ። ድርጅቱ ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ማንም ሊጠይቀው ይችል የነበረውን ነገር ጠየቀ፦ እውነት ይበላሻል ወይ? የካምፑን ሙቀት ለኩ። ሌሊት 25፣ ቀን 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያንኑ ሙቀት ከነመውጣት መውረዱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈጥረው ኢንሱሊኑን አቆዩበት። ውጤቱ በ2021 መጀመሪያ ፕሎስ ዋን በሚባለው መጽሔት ወጣ። በአራት ሳምንት ውስጥ የጠፋው ኃይል ከመቶ 1 አይበልጥም። ፍሪጅ ውስጥ ከቆየው ጋር ልዩነት የለውም። ለመድኃኒት የሚፈቀደው ጉድለት ደግሞ እስከ 5 ነው።

እኔን የያዘኝ ከመቶ 1 የሚለው ቁጥር አይደለም። የሰዎቹ መመላለስ ነው። መመሪያው ስህተት አልነበረም። ሰዎቹ ቤት ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆነ። አባቴም ቤት የደረሰው በኔ እጅ ነው።

መልስ 6 አላመነም። ስደተኛ ላይ ሙከራ ሠርተው፣ ርካሽ አያያዝ ለድሃ ይበቃል ሊሉን ነው ብሎ ጻፈ። አነጋገሩ ሻካራ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። መልስ 7 ያው የመልስ 5 ጸሐፊ ተመልሳ ነው። ሙከራው በሰው ላይ እንዳልነበረ አስረዳችው። ከካምፑ የተወሰደው የሙቀቱ ልክ ነው፤ የተፈተነው ኢንሱሊኑ ነው፣ እሱም ቤተ ሙከራ ውስጥ። መልስ 8 በዚህ ላይ ኮክሬን የሚባለውን የጥናት መዛኝ ድርጅት የ2023 ግምገማ አመጣ። እዚያ ብዙ ጥናት በአንድ ላይ ተመዝኗል። ያልተከፈተ የሰው ኢንሱሊን የሚሉት፣ የሰውን አስመስሎ በፋብሪካ የተሠራው፣ አባቴ የሚወስደው ዓይነት ማለት ነው፣ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት እስከ ስድስት ወር፣ በ37 ዲግሪ እስከ ሁለት ወር ጉልህ ኃይል ሳያጣ ይቆያል። ይህን ሳነብ ሽንት ቤት የገባችው ያልተከፈተች ብልቃጥ ዓይኔ ላይ መጣች።

መልስ 9 ከመተማ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ፣ የኛ ቀን ግን 40 ያልፋል ሲል ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰብን። ጥናቱ እስከ 37 እንጂ ከዚያ በላይ አልሄደም። ልክ ነው። ይህን ያነበበ የቆላ ሰው ብልቃጡን መስኮት ላይ እንዳያስቀምጥ ብሎ በትልልቁ ጻፈ። ፀሐይ የሚመታው ቦታ፣ መኪና ውስጥ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ኪስ ውስጥ አይሆንም።

መልስ 10 የፊዚክስ መምህር ነው፤ ጡረታ ወጥቷል። ስለ ገንቦ የጻፈው የክሩ ምርጥ ነው ብል አላጋነንኩም። ገንቦ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው። ውኃው በሸክላው ቀዳዳ እየወጣ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ገንቦው ላብ ማውጣት አለበት። ውጩን በእጅ ሲዳስሱት እርጥብ ካልሆነ ሥራውን አቁሟል። ቅባት ጠጥቶ፣ ጢስ ጠግቦ ቀዳዳው የተደፈነ ሸክላ ለዚህ አይሆንም፤ ውኃ ይዞ የኖረ ይሻላል። ትንሹን ሸክላ ትልቁ ውስጥ አስገብቶ፣ መሃሉን አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማጠጣት ነው። ብልቃጡ ፌስታል ውስጥ ይቋጠራል፤ ውኃ እንዳይነካው። ነፋስ የሚነፍስበት ጥላ ይመረጣል። ደረቅ አየር ላይ በደንብ ይሠራል። ክረምት፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ሲሆን፣ ብዙ አይጠበቅም። አንድ ተራ ቴርሞሜትር ገዝቼ ገንቦው ውስጥ እንዳስቀምጥና ሳምንት ሙሉ ቁጥሩን እንድጽፍ መከረኝ። እንደ ፍሪጅ 2 ዲግሪ ይሆናል ብዬ እንዳልጠብቅም አስጠነቀቀኝ። ከውጩ አየር መቀዝቀዙ ይበቃል።

መልስ 11 ደሴ የምትሠራ ነርስ ናት። እሷ ከሙቀቱ ይልቅ የፈራችው በረዶውን ነው። አንዴ የቀዘቀጠ፣ ማለት በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን፣ መልኩ ደህና ቢመስልም ይጣላል። ፍሪጅ ያላቸው ሰዎች ብልቃጡን ከኋላ፣ የበረዶው ሳጥን ሥር እያስገቡ ያበላሹታል። ይህን እንዳነበብኩ ተነሥቼ ፍሪጄን ከፈትኩ። አባቴን አዲስ አበባ አምጥቼ መድኃኒቱን እዚህ አስቀምጥለታለሁ ብዬ ስፎክር የነበረበት ፍሪጅ ነው። የኋላው ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ቲማቲም አገኘሁ። በቢላ ነው ያነሣሁት፤ ድንጋይ ሆኗል።

ነርሷ ሌላም ነገረችኝ። ንጹሑ ኢንሱሊን እንደ ውኃ ጥርት ማለት አለበት፤ ከደፈረሰ አይወጋም። ደፍራሹ ደግሞ ሲቀላቀል እኩል ነጭ መሆን አለበት። ጓጉሎ ከቀረ፣ ወይ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ከያዘ አይወጋም። ለማቀላቀል አይናጥም። በሁለት መዳፍ መሃል ተደርጎ ቀስ ብሎ ይንከባለላል፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። አባቴ ጋ ደውዬ እንዴት እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። እንደ ቅቤ ይንጠዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳትንጠው ያለው ሰው የለም።

ከ12 እስከ 16 ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ እያለ ኢንሱሊን ምን ያደርጋል አለ። ሁለተኛው ኢንሱሊን የጀመረ ሰው መጨረሻው ነው፣ ሱስ ያስይዛል ሲል ጨመረበት። መልስ 14 በቁጣ ተነሣ፤ በዚህ ወሬ የተነሣ መድኃኒቷን አቁማ የቀበራትን አክስቱን አነሣ። ከዚያ ስድቡ ቀጠለ፤ ሁለት መስመር በአስተዳዳሪው ተሰርዟል። እኔ የወደድኩት መልስ 16ን ነው። ሳይሳደብ ወደ ቶሮንቶ ወሰደን። ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ ነው። ያኔ ለዚህ ሕመም የነበረው ሕክምና ማስራብ ነው፤ ምግብ ከተሰጠው ስኳሩ ይገድለዋል፣ ካልተሰጠው ረሃቡ። ጥር 1922 ላይ ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። የመጀመሪያው መርፌ በደንብ ስላልተጣራ ሰውነቱ ተቆጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተጣራውን ሰጡት፤ ስኳሩ ወረደ። መጨረሻ የተባለው መድኃኒት ለዚያ ልጅ መጀመሪያ ነበር ማለቱ ነው። የሽፈራው ሰውዬ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም። ሽፈራውን ግን አትጥሉት፣ ወጡ ይጣፍጣል።

መልስ 17 ከዚያው ታሪክ ወደ ዋጋ አሻገረን። አግኚዎቹ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር የሸጡት። መልስ 18 ከሜሪላንድ መራራ ሳቅ ሳቀች። እናቷ በሜዲኬር፣ በአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ እስከ 2022 ድረስ ለወር ኢንሱሊን የሚከፍሉት ኪራይ ያክል ነበር። በ2023 መጀመሪያ በሕግ ለወር 35 ዶላር ጣሪያ ተበጀለትና ተነፈሱ። ለአጎቷም ወደ አገር ቤት ትልካለች። ለምትልኩ ብላ የጻፈችውን ልብ በሉ፦ ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሊቀዘቅጥ ይችላል።

መልስ 19 አባቴ ቀጭን ይሁን ወፍራም ጠየቀኝ። ቀጭን ነው አልኩ፤ ቀበቶው ላይ ሦስት ተጨማሪ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። ከዚህ በኋላ ያላወቅሁት ዓለም ተከፈተ። መልስ 20 ሐኪም ሳይሆን አይቀርም። ስኳር ዓይነት 1 (ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት ሲያቆም) እና ዓይነት 2 (ኢንሱሊኑ እያለ በደንብ ሳይሠራ ሲቀር) ብቻ አይደለም ብሎ ጀመረ። በ1955 ፊሊፕ ሂዩ-ጆንስ የሚባል ሐኪም ጃማይካ ውስጥ ከሁለቱም የማይገጥሙ ቀጫጭን ሕመምተኞች አየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ብሎ መዘገበው። በ1999 ከዝርዝሩ ሰረዘው። የጎንደር ሐኪሞች ግን በየገጠሩ እያዩት ነበር፤ ወጣት፣ ድሃ፣ ቀጭን፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ገበሬ። በ2009 ዲያቤቶሎጂያ መጽሔት ላይ ይህ ፋይል እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ። ሚያዝያ 2025 ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን 5ኛው ዓይነት ብሎ እውቅና ሰጠው። በዓለም ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰው ይገመታል።

መልስ 21 ስሙ ቢቀየር ገበሬው ምን ይጠቀማል አለ፤ ሐኪሞች ቁጥር ሲደረድሩ ኢንሱሊኑ አልቋል ይባላል። መልስ 20 ተመለሰለት፣ ቁጥሩ 22 ነው። የእነዚህ ሰዎች ሰውነት ኢንሱሊን ያንሰዋል እንጂ ሲሰጠው እሺ ይላል። እንደ ወፍራም ሰው ብዙ ከተወጉ ስኳራቸው ወርዶ ይወድቃሉ። የቤቱ መሶብ ባዶ በሆነ ቀን ደግሞ የባሰ ነው። ለእኔም አንድ እርማት አስቀመጠ። ይህ ዓይነት በብዛት የሚጀምረው ከ30 ዓመት በፊት ነው፤ አባቴ በ55 ስለሆነ ያገኘው፣ ቀጭን በመሆኑ ብቻ እንዳልደመድም። እኔ ግን ከመልስ 20 በኋላ ለሁለት ዘመድ ደውዬ አባቴ 5ኛው ነው ብዬ ነበር። እንደገና ደወልኩላቸው።

23 እና 24 የጎንደርና የጅማ ልጆች የትኛው ሆስፒታል ይበልጣል ብለው ተያዙ። እለፉት።

ጾምን ያነሣሁት እኔው ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁዳዴ እየመጣ ስለሆነ አባቴ ጠዋት ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት እንደሚጾም ጻፍኩ። መልስ 25 ነርሷ ናት፤ ደነገጠች። ኤንፒኤች ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ ነው። ጠዋት 12 ላይ የተወጋ ሰው፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ እኩለ ቀን ማሳ ላይ ሲቆም መድኃኒቱ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይመጣበታል። መልስ 26 ሃይማኖት ውስጥ አትግቡ ብሎ ጮኸ። መልስ 27 ራሱን ዲያቆን ብሎ ነው የጻፈው፤ የታመመን ሰው የንስሐ አባቱ እንደሚያሰናብተው፣ ሄዶ መጠየቅ ብቻ እንደሚበቃ በእርጋታ አስረዳ። መልስ 28 ጅዳ ከምትኖር እህት ነው። ረመዳን ሊገባ ሲል ሐኪሟ ዘንድ ትሄዳለች፤ መጠኑና ሰዓቱ ይለወጥላታል፣ ስኳሯ ሲወርድ እንድታፈጥር ቁርጥ ያለ ቁጥር ይነገራታል። አላህ ራሱን ግደል አላለም ብላ ዘጋችው። መልስ 29 ከ26 ነው፤ ይቅርታ ጠይቋል። በበይነ መረብ ላይ ይቅርታ ካየሁ ቆይቻለሁ።

መልስ 30 ከነታንያ ነው፤ እስራኤል ውስጥ የኛን ሽማግሌዎች የምትረዳ ሴት። ከኢትዮጵያ ሲመጡ ስኳር ያልነበረባቸው ሰዎች እዚያ ኖረው ብዙዎቹ ይዟቸዋል። ሁሉም ቤት ፍሪጅ አለ። ፍሪጁን ስትከፍት ያልተነካ ኢንሱሊን በየካርቶኑ ተደርድሮ ታያለች። መመሪያው በዕብራይስጥ ተነግሯቸው እሺ ብለው ነቅንቀው መጥተዋል። ካርቶኑን ይዛ መሬት ተቀምጣ፣ በአማርኛ፣ ቡና እየተፈላ ስትነግራቸው ነው መወጋት የጀመሩት።

31፣ 32 እና 33 እኔን ለመስደብ የመጡ ናቸው። የአባቱን መድኃኒት ሽንት ቤት የሚጥል ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው የሚል ነው ጭብጡ። መልስ 34 የኔው ነው። አልተከራከርኩም። የምሰጠው ሌላ ሳይኖር ያለውን መጣል እንዳልነበረብኝ አሁን ገብቶኛል አልኩ። መልስ 35 የመድኃኒት ቤቱ ሰው ነው፤ ለሌሎች ይጠቅማል ብሎ አንድ ነገር አስቀመጠ። መልኩ ሳይለወጥ በሙቀት ብቻ የሚጠረጠር ብልቃጥ ካለ አዲሱ እጅ እስኪገባ መርፌው አይቋረጥ፤ ስኳሩ ይለካ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይደወል። ኃይሉ የደከመ ኢንሱሊን ስኳሩን በደንብ አያወርድም እንጂ መርዝ አይሆንም። ያችን ቃል ጥቅምት ላይ ብሰማት ኖሮ።

ከ36 እስከ 38 ስለ ስትሪፕ፣ ደም ስለሚነካባት የስኳር መለኪያ ቁራጭ፣ ዋጋ ነው። ስኳር መለኪያው ይገኛል፣ ስትሪፑ ኪስ ያራቁታል። ሁሉም ተስማማ። በክሩ ውስጥ ሁሉም የተስማማበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

መልስ 39ን ሳይ ስልኬ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አባቴ ነው። የጎረቤት ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦለታል። የሱን መልስም የጻፈለት እሱ ነው። አባቴ ሦስት እርማት አለው። ገንቦው የተቀመጠው አሸዋ ላይ ሳይሆን አሸዋ ውስጥ ነው፣ እስከ አንገቱ ተቀብሮ፤ ልጁ፣ እኔን ማለቱ ነው፣ መጥቶ በደንብ ሳያይ ነው የጻፈው። ሁለተኛ፣ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት መጾም ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የንስሐ አባቱ ከልክለውታል፣ ጠዋት ቆሎ ይበላል። ልጁ አልጠየቀም። ሦስተኛ፣ ያልተከፈተችው ብልቃጥ ጤና ጣቢያ የሰጠው አልነበረችም። ማሾ ሸጦ ከከተማ የገዛት ነበረች። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ሆስፒታል በተኛበት አራት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ምስጋና አቀረበ፤ ለመምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለዲያቆኑ። ስለ መናጡ አመነ፣ ከእንግዲህ እንደሚያንከባልለው ቃል ገባ። መጨረሻ ላይ እኛ ለሦስት ቀን ስለ ሙቀት ስንከራከር ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣ። የሚያስቸግረው ኢንሱሊኑ አይደለም። ስሪንጁ ነው። አንዱን ስሪንጅ ሳምንት ሙሉ ይወጋበታል፤ መርፌው እየደነዘዘ ሆዱን ያቆስለዋል።

መልስ 40 ነርሷ ናት፤ ዩ-100 (U-100) የሚለውን፣ ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ጥንካሬ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት፣ ጋር የሚገጥመውን ስሪንጅ እንዲሆን አሳሰበች፤ ልኩ ካልገጠመ መጠኑ ይዛባል። መልስ 41 ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ዕቃ ጭኖ የሚያልፍ ሾፌር ነው። ስሪንጅ ይዞ እንደሚያልፍ ጻፈ፤ ኢንሱሊንም ልግዛ፣ በበረዶ ሳጥን አደርገዋለሁ አለ። መልስ 42 እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን እኔ እንደምልክ ነገርኩት።

መልስ 43 አሁን ከሰዓት ገባ። እንደገና የጎረቤት ልጅ ነው የጻፈው። አባቴ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ዋናው መንገድ ላይ፣ ማንጎ የሚሸጡት ጋ ቆሞ ይጠብቃል። ስሪንጅ ብቻ ይበቃዋል፣ ሁለት ፓኬት። በረዶውን ሾፌሩ ለራሱ ውኃ ያድርገው።